እግሩን ሳያንቀሳቅስ የሚወርደው ሰው

ባለፈው ክረምት ቁምሳጥን ላሠራ አንድ አናጢ ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። አናጢው መሳቢያው አልገባ ብሎት ሲታገል ቆየና ከኪሱ ጥፍር የምታህል የሰም ቁራጭ አውጥቶ ጠርዙን ማሸት ጀመረ። ሰሙ በእጁ ሙቀት ሲለሰልስ ሽታው ደረሰኝ። "አሁን ይንሸራተታል" አለና መሳቢያውን በአንድ ጣቱ ገፋው። እኔን ብርድ ብርድ አለኝ። ሰውየው "እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?" እስኪለኝ ድረስ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ቢቸና ውስጥ፣ ከአክስቴ ቤት ጓሮ ቆሜ ነበር።

እኛ የምንኖረው ሞጣ ነበር። በዚያ ዓመት እናቴ ነፍሰ ጡር ሆና ታመመች። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አባቴ በቅሎ ላይ አፈናጦ ቢቸና ወሰደኝና ክረምቱን ከታላቅ እህቱ ዘንድ እንድከርም ትቶኝ ተመለሰ። አክስቴ የሺመቤት ትባላለች፤ እኔ እቴቴ እላት ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ የምትሠራ፣ ረጅም፣ ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ የምታደርግ ሴት ነበረች። ቤቷ ከተማው ዳር ላይ ነው። ከጓሮዋ ወዲያ ሳር የለበሰ ጉብታ አለ። ተራራ የሚባል አይደለም፤ ትልቅ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚወጣው ነው። ክረምት ክረምት ግን ጫፉ ጉም ውስጥ ስለሚገባ ለኔ መጨረሻ ያለው አይመስለኝም ነበር።

ሥራዬ የጧፉን ፈትል ማክረር ነው። እቴቴ ሰሙን በሸክላ ድስት አቅልጣ ፈትሉን ትነክራለች፤ ሰሙ ሲበርድ ድስቱ ከንፈር ላይ የቀረውን እኔ እፍቃለሁ። ቤቱ ቀኑን ሙሉ ሰም ሰም ይሸታል።

በግቢው ውስጥ አንድ ሰው ነበረ። ማን እንደሆነ መጀመሪያ ማንም አልነገረኝም። ቀጭን ነው፤ ጓሮ ካለችው ትንሽ ጎጆ ያድራል፤ ቀን ቀን እንጨት ይጠርባል። የምግብ ሰዓት ሲደርስ እቴቴ ለብቻው በሳህን ታወጣና "ለሰውየው አድርሺለት" ትለኛለች። ስሙን ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም። እሱ ወደ ቤት ሲገባ እሷ ሥራ እንዳለው ሰው ብድግ ትላለች። ሲያናግራት ትመልስለታለች፤ ግን የምታየው እሱን ሳይሆን ከኋላው ያለውን ግድግዳ ነው።

አንድ ቀን ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ አጥሩ ላይ ቆመው ለሌላ ሴት ሲያወሩ ሰማሁ።

"ምን ታድርግ ብለሽ ነው? ተዝካሩን ያበላችለትን ሰው እንዴት ብላ ትቀፈው?"

ከቤታችን ሰው ሞቶ ስለማያውቅ ተዝካር ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የገባኝ የተበላ ነገር መሆኑ ብቻ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰውየው ምኑ እንደተበላ በዓይኔ እፈልግ ጀመር። አገኘሁትም። ግራ እጁ ላይ ትንሿ ጣቱና የቀለበት ጣቱ የሉም። በቃ፣ ተዝካሩ እነሱ ናቸው አልኩ። ያበላችው እቴቴ ከሆነች የበላው ማነው የሚለው ግን አስጨነቀኝ። እቴቴ ቢላዋ ባነሳች ቁጥር እጄን ቀሚሴ ውስጥ እደብቅ ነበር።

እውነቱን ያገናኘሁት ቀስ በቀስ፣ ከዚህም ከዚያም ከሰማሁት ነው። ሰውየው ጋሼ ምትኩ ይባላል፤ የእቴቴ ባል ነው። ከተጋቡ ብዙም ሳይቆይ ኮርያ ዘመተ። ከዚያ "ምትኩ አስረስ ሞተ" የሚል ወረቀት ቢቸና ደረሰ። እቴቴ ጸጉሯን ተላጭታ አለቀሰች፤ ተዝካሩን አወጣች፤ አገር በላ። ሰባት ዓመት አለፈ። እኔ ከመምጣቴ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በግንቦት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሞተው ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ "ቤቶች!" አለ። እቴቴ አላባረረችውም። አላቀፈችውምም። ጎጆውን ጠርጋ፣ ቁርበት አንጥፋ፣ "እዚያ ነው" አለችው።

ሰፈሩም እንደሷ ነበር። በመንገድ ሲያልፍ ሰላምታ ይመልሱለታል፤ እጁን የሚጨብጠው ግን አልነበረም።

በሐምሌ አጋማሽ አንድ ማለዳ ጭራሮ ላመጣ ጓሮ ወጣሁ። ጉሙ መሬት ድረስ ወርዶ አጥሩ እንኳ አይታይም። ዝም ያለ ነው፤ ወፍም የለ፣ ውሻም የለ። ድንገት ሽሽሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ እህል በወንፊት ላይ ሲዞር እንደሚሰማው ዓይነት። ቀና ስል ከጉሙ ውስጥ ሰው ብቅ አለ። ከጉብታው እየወረደ ነው። አይሮጥም፤ አይራመድም። ጉልበቱን አጠፍ፣ እጆቹን ዘርጋ አድርጎ፣ እግሩን ሳያንቀሳቅስ ይወርዳል። ጋሼ ምትኩ ነበር። ፊቱን አየሁት፤ እኔን ግን አላየኝም። በፊቴ አልፎ ሄደና ጉሙ መልሶ ዋጠው።

ጭራሮውን ጥዬ ገባሁ።

"እቴቴ፣ ሰውየው እግሩን ሳያንቀሳቅስ ይሄዳል!"

"ዝም በይና ፈትልሽን አክርሪ" አለችኝ። ግን የያዘችውን ፈትል ድስቱ ውስጥ ጥላ የጓሮውን በር ዘጋች።

በማግስቱ ሳህኑን ሳደርስለት እየፈራሁ ወደ እግሩ አየሁ። እንደ ማንም ሰው እግር ነው። ከጎጆው ግድግዳ ጋር ግን ሁለት ጠባብ ሳንቃዎች ተደግፈዋል፤ ከኔ ይረዝማሉ፤ ጫፋቸው ወደ ላይ ተቆልምሟል፤ መሃላቸው ላይ የጠፍር ማሰሪያ አላቸው።

"ምንድን ናቸው?" አልኩት።

"ጫማ ናቸው።"

"የማን?"

"የበረዶ አገር ሰው ጫማ።" ፈገግ አለ፤ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። "እዚያ ሰዉ ቁልቁለት አይራመድም፣ ይንሸራተታል። እነዚህን ከዋንዛ ጠርቤ ነው የሠራኋቸው። እዚህ በረዶ ስለሌለ በእርጥብ ሳር ላይ እወርድባቸዋለሁ። አየሽኝ አይደል ትናንት?"

"አላየሁም።"

"አይተሻል። የምትፍቂው ሰም ካለ አምጪልኝና አሳይሻለሁ። ሞራ ብቻውን አይበቃም።"

የቤተ ክርስቲያን ሰም ለእግር ይሆናል ወይ ብዬ አንድ ሌሊት ሙሉ ተጨነቅሁ። በኋላ ግን ከድስቱ ከንፈር የሚተርፈውን በቅጠል ጠቅልዬ እወስድለት ጀመር። ሰሙን ከሞራ ጋር አሙቆ የሳንቃውን ሆድ ሲያሽ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ከዚያ ጉብታው ላይ እንወጣለን። እሱ እግሩን ያስራል፤ እኔ ከኋላው ሳንቃዎቹ ላይ ቆሜ ቀበቶውን እይዛለሁ።

"ጉልበትሽን ላላ አድርጊ" ይለኛል። "እግርሽን አትይ። የምትደርሺበትን እዪ።"

የመጀመሪያውን ቀን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የወረድኩት። ሆዴ ጉብታው ላይ ቀርቶ ሌላው ሰውነቴ የወረደ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ግን ካልወረድኩ ምግብ አይበላልኝም። ከግርጌው አንዲት ወይራ አለች። ወይራዋ ጋ ስንደርስ ወደ ግራ መታጠፍ አለብን፤ ቀጥ ብሎ የሄደ ጎርፍ የቦረቦረው ገደል ውስጥ ይገባል። ጋሼ ምትኩ አንድም ቀን መታጠፊያውን ስቶ አያውቅም።

የሚያስፈራኝ ነገር አንድ ብቻ ነበር። ጫፍ ላይ ቆመን ልንነሣ ስንል ትንሽ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ይልና፣ እንደ መንገድ መልቀቅ አድርጎ፣ "ቅደም" ይላል። ጥቂት ይጠብቃል። ከዚያ ነው የሚነሣው።

መጀመሪያ ለኔ መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው ልብ ያልኩት። እኔ ሴት ነኝ፤ ለኔ ቢሆን "ቅደሚ" ነው የሚለው። ደግሞም ከኋላው ቆሜ ቀበቶውን ይዤ እንዴት ነው የምቀድመው?

አንድ ጉም የበዛበት ቀን ድፍረት አገኘሁና ጠየቅሁት።

"ጋሼ፣ ማንን ነው ቅደም የምትለው?"

ማሰሪያውን ፈትቶ እርጥቡ ሳር ላይ ተቀመጠ።

"ሞጣ ውስጥ እማማ ውዴ የሚባሉ ሴትዮ ታውቂያለሽ?"

"ከጊዮርጊስ ማዶ ያሉት? ከመንገድ የሚመጣውን ሁሉ 'ልጄን አላየኸውም ወይ?' የሚሉት?"

"እሳቸው ናቸው።" አንገቱን ደፋ። "የልጃቸውን ስም ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"ምትኩ አስረስ ነው።"

"እሱማ ያንተ ስም ነው።"

"የሁለታችንም ስም ነው። አንድ ጓድ ውስጥ ነበርን። ስም ሲጠራ ሁለታችንም 'አቤት' እንላለን፤ ሰው ይስቃል። ከበረዶ አገር የመጣ አንድ ወታደር በሳንቃ መንሸራተት ሲያስተምረን አብረን ነው የተማርነው። ከሰፈራችን ኋላ እንደዚችው ያለች ጉብታ ነበረች። ሥራ ስንፈታ እንደ ልጅ እየወጣን እንወርድባታለን፤ ተራ በተራ። አንድ ቀን ቅደም አልኩት። ቀደመ። አልተመለሰም።"

እኔ የጠፋ መሰለኝ። "ፈለጋችሁት?" አልኩት።

"አገኘነው" አለ። ከዚያ በላይ አልነገረኝም። "በማግስቱ ስም ሲጠራ አንድ ሰው ብቻ አቤት ሲል ሰማሁ። የኔ ድምፅ ይሁን የሱ ለማወቅ ቸገረኝ። ወረቀቱን የጻፈው ሰው ደግሞ አገራችንን አምታታው። ሞጣ መድረስ የነበረበት ወረቀት ቢቸና መጣ። እኔ ቆስዬ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ አንድ የአገር ሰው ተዝካሬ መበላቱን ነገረኝ። እንግዲያስ ይሁን ብዬ ዝም አልኩ። ከሆስፒታል ወጥቼ ዘበኛ ሆኜ ስንት ዓመት ኖርኩ። እሱ ግን ዝም አላለኝም። ደመና ሲወርድ፣ ቁልቁለት አናት ላይ ስቆም፣ አጠገቤ ነው። ተራ ይጠብቃል።"

ዙሪያዬን አየሁ። ጉም ብቻ ነው።

"ለእማማ ውዴ ለምን አልነገርካቸውም?"

"እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ሞጣ ልሄድ ሁለቴ ተነሥቼ ሁለቴም ከደብረ ወርቅ ተመለስኩ" አለኝ። "ለእቴቴ እንዳትነግሪ።"

አልነገርኳትም። ግን ከዚያ ወዲያ ስንወርድ ቀበቶውን የምይዘው በሁለት እጄ ሆነ።

ነሐሴ ገባ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ሰማዩ እንደ ጥላሸት ጠቆረና በረዶ ወረደ። ባቄላ የሚያህል በረዶ ጣራውን ሲደበድብ ከእቴቴ ጋር ማዕዘን ይዘን ተቀመጥን። ሲያባራ ደጁን ከፈትኩ። ጉብታው ነጭ ሆኗል። ከላይ እስከ ታች አንድ ጥቁር ነጥብ የለበትም። ከበረዶው ላይ እንደ እንፋሎት ያለ ጉም እየተነሣ ነው።

ጋሼ ምትኩ ጎጆው ደጃፍ ቆሞ ነበር። ፊቱ እንደ በረዶው ነጥቷል። ሳንቃዎቹን ተሸክሞ፣ ሳያናግረኝ፣ መውጣት ጀመረ። ተከተልኩት።

"ዛሬ ተመለሺ" አለኝ።

"ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ!"

እንዲያው እጁን አወናጨፈ። እሺ ማለቱ ይሁን እንቢ ማለቱ አልገባኝም፤ እኔ እሺ ነው ብዬ ያዝኩት። ጫፍ ላይ ከኋላው ቆምኩ። ቀበቶውን ያዝኩ። ወደ ቀኝ ፈቀቅ አለ።

"ቅደም" አለ።

እውነቱን ልናገር። ያየሁትን ዛሬም ድረስ አልለውጥም። ሽሽሽ የሚለውን ድምፅ እኛ ሳንነሣ ሰማሁት። በቀኛችን በኩል ጉሙ ተከፈተና አንድ ጥላ ቁልቁል ወረደ፤ ጉልበቱን አጠፍ፣ እጆቹን ዘርጋ አድርጎ። ጋሼ ምትኩ ተከተለው።

በረዶው እንደ ሳሩ አይደለም፤ ነፋሱ ጆሮዬን ቀደደው። ወይራዋ ከጉሙ ወጣች። አልታጠፈም። ዓይኑ ከፊቱ ያለው ላይ ነው፤ እኔን ረስቶኛል።

"ጋሼ፣ ገደሉ! ገደሉ ነው! ጋሼ ምትኩ!"

ስሙን ስጠራው ነቃ። በአንድ እጁ ከኋላው መንጭቆ ወደ ግራ ወረወረኝ፤ እሱም በጎኑ ወደቀ። አንድ ሳንቃ ሲሰበር ሰማሁ፤ ከሳንቃው ጋር ሌላም ነገር ተሰበረ። ከዚያ ጮኸ። እንዲያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም።

ሰፈሩ ተሰበሰበ። ጎረቤታችን አያ ይግዛውና ሌሎች ሦስት አራት ወንዶች ቀድመው ደረሱ፤ ግን ራቅ ብለው ቆሙ። ደሙ በረዶው ላይ ይፈሳል፤ አንዳቸውም አልነኩትም። እቴቴ እየሮጠች መጣች። ጫማ አላደረገችም፤ ነጠላዋ ወድቋል። መሃላቸውን ሰንጥቃ ገብታ በጉልበቷ ወደቀችና ራሱን ታፋዋ ላይ አስተኛችው።

"ምን ቆማችሁ ታያላችሁ?" ብላ ጮኸች። ያ ዝቅተኛ ድምፅ ከየት እንዲያ እንደወጣ አላውቅም። "ባሌ ነው! ይጮኻል፣ ይደማል፣ አይታያችሁም? ባሌን አንሡልኝ!"

ያኔ ነው የነኩት። ቃሬዛ አምጥተው ተሸክመው ሲሄዱ እሱ ቀና እያለ "እሱስ? እሱን አነሣችሁት?" ይላል። አያ ይግዛው ወደ ኋላ ቀርቶ መሬቱን ሲያይ እኔም አየሁ። በረዶው ላይ አራት መስመር አለ። ሁለቱ እኛ የወደቅንበት ድረስ መጥተው ያልቃሉ። ሁለቱ ቀጥ ብለው ገደሉ አፍ ይደርሳሉ።

"ዛሬ ስንት ጊዜ ነው የወረዳችሁት?" አለኝ።

"አንዴ።"

ዱላውን ይዞ ገደሉ ውስጥ ወረደ። ሲመለስ ልብሱ እስከ ወገቡ ርሷል። "ውሃ ነው እንጂ ምንም የለም" አለ። ከዚያ በእግሩ ሁለቱን መስመሮች ደመሰሰና እጄን ይዞ ወደ ቤት ወሰደኝ።

ወጌሻው እግሩን አቅንቶ በቀርከሃ ካሰረለት በኋላ ጋሼ ምትኩ የተኛው ጎጆው ውስጥ አይደለም፤ የእቴቴ አልጋ ላይ ነው። በዚያ ሳምንት ሁሉን ነገራት። እኔ ፈትል እያከረርኩ እሰማ ነበር። ሲጨርስ እቴቴ እጇን አገጯ ላይ አደረገች።

"እንግዲያ እኔ ያለቀስኩት የሌላ ሰው ልጅ ነው" አለች። "እናትየውስ?"

"አላወቁም።"

"እስካሁን?"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ጭቃው እንደጠጠረ ሞጣ እንሄዳለን" አለች። "ካልሆነም በቃሬዛ ትሄዳለህ።"

መስቀል ካለፈ በኋላ በቅሎ ተውሰን ተነሣን። እሱ በበቅሎ፣ እቴቴ በእግሯ፣ እኔ አንዴ ከሱ ጋር አንዴ ከሷ ጋር። መንገዱ በሙሉ አደይ አበባ ነበር። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ጋሼ ምትኩ ልጓሙን ሳበ፤ እቴቴ ምንም ሳትናገር ልጓሙን ከእጁ ተቀብላ በቅሎዋን እየሳበች ወደ ፊት ሄደች። በአራተኛው ቀን ሞጣ ገባን። ወደ ቤታችን እንኳ አላለፍንም፤ በቀጥታ ጊዮርጊስ ማዶ ሄድን።

እማማ ውዴ ደጃፋቸው ላይ፣ ቁርበት ላይ ተቀምጠው ነበር። ጸጉራቸው ተላጭቷል። ነጠላቸው ጥቁር ተነክሯል። ሁለት ጎረቤቶች አጠገባቸው አሉ። እቴቴ እኔን አየችኝ፤ እኔ የማውቃቸው እማማ ውዴ ነጭ ለብሰው መንገድ ዳር የሚቆሙት ነበሩ።

"ማን ነገራቸው?" አለች እቴቴ ለአንደኛዋ ሴት፣ በሹክሹክታ።

"ማንም። በነሐሴ በረዶ የጣለ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ድንገት ወጥተው 'ጸጉሬን ላጩኝ' አሉ። ልጄ መጥቶ ደጄ ላይ ቆሞ ነበር፤ ግባ ስለው 'አልገባም እማዬ፣ እግሬ በረዶ ነው' ብሎ ሄደ ነው የሚሉት። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ናቸው። ዕንባ ግን አልወጣቸውም።"

ጋሼ ምትኩ ከበቅሎዋ ወርዶ በምርኩዝ ቀረበና እግራቸው ሥር ተቀመጠ።

"ምትኩ ነህ?" አሉት። አይተውት አያውቁም፤ ግን ልጃቸው መስሏቸው አልነበረም።

"አዎ፣ እማማ።"

"ዘገየህ።"

"ዘገየሁ። እማማ፣ ተራው የኔ ነበር። የዚያን ዕለት መጀመሪያ መውረድ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ቅደም አልኩት። ከበረዶው ሥር ፈንጂ ነበረ።"

እማማ ውዴ እጃቸውን ዘርግተው ጣት የሌለውን እጁን ያዙና በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

"ባትለውስ የሚቀር መሰለህ?" አሉት። "ያን ልጅ? አዋላጇን ሳይጠብቅ እኮ ነው የተወለደ!"

ያን ብለው አለቀሱ። ድምፅ አውጥተው፣ ደረታቸውን እየመቱ። ጋሼ ምትኩ ጉልበታቸው ላይ ተደፋ።

እቴቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና አጠገባቸው ቁርበቱ ላይ ተቀመጠች።

"እናቴ" አለቻቸው፤ "ልጅዎን አንዴ አልቅሼዋለሁ። ግን ሳላውቀው ነው። ባሌ መስሎኝ፣ የባሌን ቁመት፣ የባሌን አካሄድ እያነሣሁ ነው ያለቀስኩት። አንዱም የሱ አልነበረም። አሁን በራሱ ላልቅሰው። ምን ዓይነት ሰው ነበር?"

እማማ ውዴ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

"አጭር ነበር" አሉ። "አጭር፣ ወሬኛ። ነጎድጓድ ይፈራል። በግ ሲታረድ አይቆምም ነበር፤ ጓሮ ሄዶ ጆሮውን ይደፍናል።"

እቴቴ እያንዳንዱን ቃል ራሷን እየነቀነቀች አዳመጠች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች፤ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ "አጭሩ ወንድሜ" ብላ ሙሾዋን ጀመረች።